በዕድል የተገኘ አይደለም፦ ስለ ቀደምት ኬሚስቶች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቀደምት ኬሚስቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየተዘዋወረ ነው። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ተማሪዎቼም "እውነት ነው?" እያሉ ልከውልኛል። ጽሑፉ ለማንበብ ይጥማል፤ ጸሐፊው ነገር ማዋዛት ያውቁበታል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኙት ወርቅ ፍለጋ ያበዱ ወይም ዕድል የቀናቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ሽንት ሲያፈላ ፎስፈረስ ወጣለት። ሌላው በ1828 በአንድ ቀን ሙከራ ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን አገኘና "ሕይወታዊ ኃይል" የሚባለውን እምነት፣ ማለትም በሕያው አካል ውስጥ ያለ ነገር ያለ ሕይወት ኃይል ሊሠራ አይችልም የሚለውን፣ ገደለ። ስለ ስኳር በሽታ ኢንሱሊን እስኪገኝ ድረስ ሐኪሞች ሽንት ከመቅመስ ያለፈ የሚያውቁት አልነበረም። በደም ውስጥ ብረት መኖሩ የታወቀው በዘመናዊ መሣሪያ ነው። የጨጓራን አሲድ ያገኘው ሆዱ የተበሳ ሰው ያጋጠመው አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ዲኤንኤ ደግሞ በ1953 ተገኘ። ማሳረጊያቸው ሳይንስ ከልፋት ይልቅ የዕድል ጉዳይ ነው፣ እነዚህ ሰዎችም ለዘመናቸው ሕመምተኛ የፈየዱት ነገር የለም የሚል ነው።

አልስማማም። የዓመትና የስም ስህተት ይታረማል፤ እኔን ያሳሰበኝ ማሳረጊያው ነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን አንብቦ ላብራቶሪ ሲገባ፣ መመዘኑም ማጣራቱም መድገሙም ከንቱ ልፋት ነው ብሎ ቢያስብ እንዴት ይፈረድበታል? እውነቱ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች የደረሱበት ላይ የደረሱት በማትነን፣ በማጣራት፣ በመመዘን፣ አንዱ ያለውን ሌላው ደግሞ በመፈተሽ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፎስፈረስ ልጀምር። ጸሐፊው ሄኒግ ብራንድን እብድ ብለውታል። ብራንድ የሐምቡርግ ሰው ነው። በ1669 ገደማ ሽንት አጠራቅሞ፣ እስኪበሰብስ አቆይቶ፣ እስኪወፍር አፍልቶ፣ የቀረውን በኃይለኛ እሳት ሲያግለው የወጣው ተን ውሃ ውስጥ ገብቶ ረጋ። የረጋው ነገር ነጣ ያለ፣ ሰም የሚመስል ነው። ጨለማ ውስጥ ያበራል። ወርቅ እየፈለገ ነበር፤ ይህን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ወርቅ መፈለግ የእብደት ምልክት አልነበረም። አንዱ ማዕድን ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል የሚለውን ሐሳብ የተማሩ ሰዎች ያምኑበት ነበር፤ ኒውተን እንኳ ብዙ ዓመታት አልኬሚ ላይ ሠርቷል። ቀለሙ ወደ ወርቅ የሚያደላ፣ ከሰው አካል የሚወጣ ፈሳሽ መመርመር ለእነሱ በቂ ምክንያት ያለው ሥራ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከብራንድ በኋላ የሆነው ነው። ጽሑፉ ይህን ጨርሶ ዘሎታል። ብራንድ ዘዴውን ደብቆ ያዘ፤ ቆይቶ ክራፍት ለሚባል ሰው ሸጠው። ክራፍት የሚያበራውን ነገር ይዞ በየቤተ መንግሥቱ እየዞረ ያሳይ ነበር። በ1677 ለንደን ሲደርስ ኬሚስቱ ሮበርት ቦይል አየው። ክራፍት ምስጢሩን አላወጣም፤ ዋናው ጥሬ ዕቃ ከሰው አካል የሚገኝ ነገር ነው የሚል ፍንጭ ብቻ ሰጠው። ቦይል ከዚያች ፍንጭ ተነስቶ፣ ከረዳቶቹ ጋር ሲሞክር ሲያበላሽ ከርሞ፣ በ1680 ራሱ ሠራው። አሠራሩንም ጽፎ፣ አሽጎ ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር አስረከበ። ረዳቱ አምብሮዝ ጎድፍሬይ ለንደን ውስጥ እያመረተ ለአውሮፓ መሸጥ ጀመረ። በ1743 ማርግራፍ በርሊን ላይ ዘዴውን አሻሻለው። ከዚያም ከ1769 እስከ 1771 ባለው ጊዜ ስዊድናውያኑ ጋንና ሼሌ ፎስፈረስ አጥንት ውስጥ እንዳለ አሳዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሽንት ማጠራቀም ቀረ፣ ፎስፈረስ ከአጥንት ይወጣ ጀመር።

መቶ ዓመት ነው እንግዲህ። ብራንድ ዕድል ቀንቶታል ብንል እንኳ፣ ያገኘው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ይህ ነገር የአጥንታችን አካል መሆኑን ያወቅነው ከእሱ በኋላ በመጡት ሰዎች ነው። የእነሱን ልፋት ደምስሶ ብራንድን ብቻ ማስቀረት ታሪኩን ማጉደል ነው።

ወደ ዩሪያ ልለፍ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ስህተት ከጸሐፊው አልተጀመረም፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ሲንከባለል የመጣ ነው።

አንደኛ፣ ጽሑፉ በ1828 ዩሪያን አገኘ የሚለው ሰው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪሽ ቮለር ነው፤ ቮለር ግን ዩሪያን አላገኘም። ዩሪያ ከእሱ በፊት የታወቀ ነገር ነው። የላይደኑ ሐኪም ቡርሃቨ በ1732 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ሽንትን አትንኖ፣ አጣርቶ፣ ለረጅም ጊዜ በማስቀመጥ ከገበታ ጨው የተለየ ጨው እንደሚገኝ ገልጿል። በ1773 ፓሪስ ውስጥ ሂሌር ሩዌል የደረቀውን የሽንት ቅሪት በአልኮል አጥቦ ይህንኑ ነገር ለየው። የሰውን ብቻ አይደለም፣ የላምና የፈረስ ሽንትም መርምሯል። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ፉርክሯና ቮክላን የተባሉ ፈረንሳውያን የበለጠ አጥርተውት ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጡት። እንግሊዛዊው ዊልያም ፕራውት ደግሞ ንጹሕ ዩሪያ ውስጥ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በምን ያህል መጠን እንዳሉ መዝኖ አሳተመ።

ታዲያ ቮለር ምን አደረገ? ዩሪያን ከሽንት ሳያወጣ ሠራው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሳነስ አልፈልግም። ግን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። በ1824 ከሳያኖጅንና ከአሞኒያ ጋር ሲሠራ አንድ ነጭ ክሪስታል አግኝቶ ነበር። አሞኒየም ሳያኔት የሚባል ጨው መሆን ነበረበት፤ ጸባዩ ግን አልገጠመም። ነገሩን አልተወውም። በርሊን የሙያ ትምህርት ቤት እያስተማረ ከአራት ዓመት በኋላ ተመለሰበት። የብር ሳያኔትን ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር አዋሃደ፤ ያው ነጭ ክሪስታል መጣ። የሳያኔት ጨው የሚሰጠውን ምልክት አይሰጥም። ናይትሪክ አሲድ ሲጨመርበት ግን የሚያብለጨልጭ ቅርፊት መሰል ክሪስታል ይሠራል።

ይህን ቅርፊት ቮለር ያውቀዋል። ሃይድልበርግ ሕክምና ሲማር ወደ ሰውነት የገቡ ነገሮች እንዴት ወደ ሽንት እንደሚያልፉ አጥንቷል። ዩሪያ በናይትሪክ አሲድ እንዲህ እንደሚሆን ዓይኑ ለምዶታል። ጠረጠረ። ከዚያ ከሽንት የወጣ ዩሪያ አምጥቶ ከራሱ ክሪስታል ጋር ጎን ለጎን ፈተሸ። ያም አልበቃውም፤ ፕራውት ከመዘነው ቁጥር ጋር አስተያየ። ገጠመ። ሌላ ሰው ያንን ነጭ ነገር ቢያየው ያልተሳካ ሙከራ ብሎ ይደፋው ነበር። ዕድል ካለበት ዕድሉ የገጠመው ለዚህ በዓመታት ትምህርት ለተዘጋጀ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ "ሕይወታዊ ኃይል" በዚያ ቀን አልሞተም። ቮለር በየካቲት 1828 ለመምህሩ ለስዊድናዊው ኬሚስት ለበርዜሊየስ በጻፈው ደብዳቤ ኩላሊት ሳያስፈልገው፣ የሰውም ይሁን የውሻ፣ ዩሪያ መሥራት እንደሚችል ገልጿል። ይህች ዓረፍተ ነገር በየቦታው ትጠቀሳለች። የማይጠቀሰው ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ ያነሳው ጥርጣሬ ነው። ሳያኔት በዚያ ዘመን የሚሠራው ከእንስሳት ተረፈ ምርት በሚገኝ ጥሬ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ሕይወታዊ ኃይል አሁንም ከመነሻው አለበት የሚል ሰው ሊመጣ እንደሚችል ራሱ ቮለር አስቀድሞ ጽፏል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኮልበ በ1845 አሴቲክ አሲድን (የኮምጣጤን አሲድ) ከሕይወት ጋር ምንም ንክኪ ከሌላቸው ነገሮች እስኪሠራ ድረስ ይህ ጥያቄ ክፍት ነበር። ከዚያም በኋላ ሊቢግና ፓስተርን የመሳሰሉ ታላላቅ የሳይንስ ሰዎች ሕይወት ያለው ነገር የራሱ የተለየ ነገር አለው የሚለውን ሐሳብ በየራሳቸው መልክ ይዘውት ቆይተዋል። የአንድ ቀን ግድያው ተረት ጉልበት ያገኘው ቮለር በ1882 ከሞተ በኋላ ነው፤ ኦገስት ሆፍማን በጻፈው የመታሰቢያ ጽሑፍ ሙከራውን በጣም አግንኖ አቀረበው።

ቮለርንና በርዜሊየስን ይበልጥ ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነበር። አሞኒየም ሳያኔትና ዩሪያ በውስጣቸው ያሉት አተሞች አንድ ዓይነት፣ ብዛታቸውም እኩል ነው፤ ጸባያቸው ግን ለየቅል ነው። በአንድ ዓይነትና በእኩል ቁጥር ድንጋይ ሁለት የተለያየ ቤት እንደ መሥራት ነው። የአተሞች አደራደር ጸባይን ይወስናል የሚለው ትምህርት አንዱ መነሻው ይህ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ 1828 ሳነሳ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊውም ቢያነሱት ጽሑፋቸው ይከብር ነበር።

የስኳር በሽታው ክፍል አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ሽንት የቀመሱትን ሐኪሞች የሚያስቁ ሰዎች አድርገው አቅርበዋቸዋል። ሌላ መሣሪያ ያልነበረው ሐኪም ምላሱን መጠቀሙ ምን ያስቃል? የጥንት ሕንድ ሐኪሞች የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለዋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1670ዎቹ ሽንቱ ማር ወይም ስኳር የተቀላቀለበት ያህል እንደሚጣፍጥ ጽፏል። ጥያቄው ይህ ጣፋጭ ነገር ምንድን ነው፣ ከየትስ ይመጣል የሚለው ነበር።

መልሱን የጀመረው የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን ነው፤ በ1776 አሳተመው። እጁ ላይ የነበረ አንድ የ33 ዓመት ሕመምተኛ በቀን 28 ፓይንት ሽንት ይሸና ነበር፤ ይህ ከ13 ሊትር በላይ ነው። ዶብሰን ሽንቱን ቀስ ባለ እሳት አተነነው። የቀረለት ነጭ ደረቅ ነገር ነው። በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ሽታው ቡናማ ስኳር ይላል፣ ጣዕሙም ከስኳር አይለይም፤ ብቻ ምላስ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል ብሎ መዘገበ። ግሉኮስ ዱቄት ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቅዝቃዜ ያውቀዋል። ሰውየው የግሉኮስን ስም ሳያውቅ ጸባዩን በትክክል ጽፎታል። ይህን ያህል በጥንቃቄ ያስተዋለ ሰው ሊከበር ይገባል።

ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከሕመምተኛው ደም ቀድቶ፣ ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ ቀመሰ። እሱም ይጣፍጣል፤ ከሽንቱ ባነሰ መጠን። ስለዚህ ስኳሩን ኩላሊት አልፈጠረውም፣ ደም ውስጥ ነበር፣ ኩላሊት የሚያደርገው ማስወጣት ነው ብሎ ደመደመ። ያ ሐሳብ የበሽታውን ቦታ ከኩላሊት አንስቶ ወደ መላ ሰውነት አዛወረው። ስኮትላንዳዊው ጆን ሮሎ በ1790ዎቹ ሥጋ የበዛበትና የእህል ምግብ የተቀነሰበት አመጋገብ ለሕመምተኛ ያዘዘው በዚህ ላይ ቆሞ ነው። በ1815 ሼቭሯል ስኳሩ ከወይን ፍሬ ስኳር ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ። ክሎድ ቤርናር በ1848 ጉበት ስኳር እንደሚሠራ አሳየ፤ በ1857 ጉበት ስኳር የሚያጠራቅምበትን ግላይኮጅንን ለየ። በ1889 ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ ቆሽት የወጣለት ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ አዩ። ቶሮንቶ ላይ በ1921 ኢንሱሊን የተገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዊሊስ እስከ ኢንሱሊን ያለውን ምንም ያልታወቀበት ዘመን ማለት ውሃ አያነሳም።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ቪንቼንሶ መንጊኒ የተባለ ጣልያናዊ በ1740ዎቹ ቦሎኛ ውስጥ ደም አድርቆ፣ አቃጥሎ፣ አመዱን ፈጭቶ ማግኔት አስጠጋበት። ከአመዱ ውስጥ ወደ ማግኔቱ የሚዘል ብናኝ ወጣ። እሳትና ማግኔት፣ ሌላ መሣሪያ የለም። ጸሐፊው "በዘመናዊ መሣሪያ" ማለታቸው ስህተት ነው።

የጨጓራው ታሪክ ግማሽ እውነት አለው። በሰኔ 1822 አሜሪካ ውስጥ ማኪናክ ደሴት ላይ አሌክሲ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት የጸጉራም አውሬ ቆዳ ንግድ ሠራተኛ በድንገት በጥይት ተመታ። የጦር ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት አከመው። ሰውየው ዳነ፤ ቀዳዳው ግን ሳይደፈን ቀረ። ቦሞንት ከ1825 ጀምሮ ምግብ በሐር ክር አስሮ በቀዳዳው እያስገባ፣ በየሰዓቱ እየሳበ ያይ ነበር። እስከዚህ ትክክል ነው።

ነገር ግን የጨጓራው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መሆኑን ያሳየው ቦሞንት አይደለም። ከላይ ዩሪያ የመዘነው ፕራውት ነው። በ1823 መጨረሻ ሥራውን ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ በ1824 ታተመ። ቦሞንት ያኔ ሙከራውን ገና አልጀመረም። ቆይቶም ቢሆን ቦሞንት ከሰውየው ጨጓራ የቀዳውን ፈሳሽ እኔ ብቻ ልመርምረው አላለም። ቨርጂኒያ ለነበረው ለዳንግሊሰን፣ ዬል ለነበረው ለሲሊማን ሰጠ፤ ስዊድን ድረስም ለበርዜሊየስ ተልኳል። ዳንግሊሰን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳለበት አረጋገጠ። በ1833 የቦሞንት መጽሐፍ ሲወጣ የዳንግሊሰንና የሲሊማን ምርመራ አብሮ ነው የወጣው። አሲዱ ብቻውን ሥጋ እንደማይፈጭ ስለታየም፣ ሽቫን በ1836 ጨጓራ ውስጥ ሥጋ የሚፈጨውን ፔፕሲንን አገኘ። ይህ የብዙ ሰው እጅ ያለበት ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው ሴንት ማርቲንን በስም እንኳ ሳይጠሩት አልፈዋል፤ "ሆዱ የተበሳ ሰው" ብቻ ነው ያሉት። ያ ሰው ድሃ ነበር። በ1832 ለአንድ ዓመት 150 ዶላር ሊከፈለው፣ እሱም ሆዱን ለሙከራ ሊያቀርብ ውል ፈርሟል። በሙከራው ይሰቃይ ነበር፤ ይናደድ ነበር፤ ትቶ የሄደበትም ጊዜ አለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ውል የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። በዚያ ዘመን ስለ ምግብ መፈጨት ከታወቀው ብዙው የመጣው ከእሱ አካል ነውና ስሙ ሊነሳ ይገባል።

አሁን ዲኤንኤ። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ ያቀረቡት የዲኤንኤን ቅርጽ ነው፤ ለዚያም የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የሞሪስ ዊልኪንስ የኤክስሬይ ሥራ ባይኖር አይሆንላቸውም ነበር። ዲኤንኤ ራሱ የተገኘው በ1869 ነው። ያገኘው ፍሪድሪሽ ሚሸር የሚባል የ24 ዓመት ስዊዘርላንዳዊ ነው።

ሚሸር ሐኪም ነው። ጀርመን አገር ቱቢንገን ሄዶ በሆፐ ዛይለር ላብራቶሪ ገባ፤ ላብራቶሪው የድሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር፣ እሱ የሚሠራበት ክፍልም የቀድሞው ወጥ ቤት ነው። ነጭ የደም ሴል ከምን እንደተሠራ ማወቅ ፈለገ። ይህ ሴል በብዛት ከየት ይገኛል? ከመግል። በዚያ ዘመን ቁስል በቀላሉ ይመረቅዝ ስለነበር በአካባቢው ካለው የቀዶ ሕክምና ክፍል መግል የጠጣ ፋሻ ይመጣለት ነበር። የሸተተውን ፋሻ ይጥላል፤ ደህናውን በቀጭን የሶዲየም ሰልፌት ውሃ ያጥባል። ተራ የጨው ውሃ ሲሞክር ሴሎቹ አብጠው ይያያዙበት ነበር፤ ይህንን መፍትሔ ያገኘው ብዙ ዓይነት ሞክሮ ነው። ከዚያ የጨርቁን ክር በማጣሪያ ይለያል፣ ሴሎቹ እስኪዘቅጡ ይጠብቃል። የሴሉን አስኳል ከዙሪያው ፕሮቲን ለመለየት ፔፕሲን ያስፈልገዋል፤ የሚሸጥ ንጹሕ ፔፕሲን ስላልነበረ ከአሳማ ጨጓራ ራሱ ያወጣል። ሽቫን በ1836 ያገኘው ፔፕሲን እዚህ ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

የተገኘው ነጭ ነገር አልካሊ ውስጥ ይሟሟል፣ አሲድ ሲጨመርበት ይዘቅጣል። ሲመረመር ፎስፈረስ የበዛበት ነው፤ ከፕሮቲን የተለየ ነው። ሚሸር የሴል አስኳል ውስጥ የሚገኝ አዲስ ነገር ነው አለ። ሆፐ ዛይለር ግን ወዲያው አላሳተመለትም። ሙከራውን ራሱ እንደገና ሠራው፣ ከረዳቶቹም አሠራ፣ ከተረጋገጠ በኋላ በ1871 ታተመ። ወጣቱ ሁለት ዓመት ጠበቀ። መዘግየቱ ሚሸርን ሳያስከፋው አልቀረም፤ እኔ ግን በሆፐ ዛይለር አልፈርድም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ደግሞ መፈተሽ የአስተማሪ ግዴታ ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ዕድል ከምነግራቸው ይህንን ወጥ ቤት ብነግራቸው እመርጣለሁ፤ የሚሸት ፋሻ፣ የአሳማ ጨጓራ፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያጥብ የ24 ዓመት ልጅ።

የመጨረሻው ነጥብ ለሕመምተኛ የፈየዱት ነገር የለም የሚለው ነው። ይህኛው ከሁሉም በላይ አስቆጥቶኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሥራውን የጀመሩት ከሕመምተኛ አካል በወጣ ነገር ነው።

የሽንት ፊኛ ጠጠርን እንውሰድ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማደንዘዣ የለም፤ ጠጠር የያዘው ሰው ታስሮ ነበር የሚቀደደው። ሐኪሞች ሰውን ሳይቀድዱ ጠጠሩን ለማሟሟት ይመኙ ነበር፤ ለማሟሟት ግን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይቅደም። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ፣ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በመድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ያደገ ሰው፣ በ1776 ከጠጠር ውስጥ ዩሪክ አሲድን አገኘ። ዎላስተን በ1797 ሪህ የያዘው ሰው መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው ነጭ እባጭ ከዚሁ አሲድ የተሠራ መሆኑን አሳየ። እሱው በ1810 ሌላ ዓይነት ጠጠር ሲመረምር ሲስቲን የሚባለውን አገኘ፤ ይህም መጀመሪያ ከታወቁት አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው።

ከዚያ ለንደን ላይ ሐኪሙ አልፍሬድ ጋሮድ መጣ። በ1848 ሪህ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ከልክ በላይ እንዳለ አረጋገጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የትኛውም ሐኪም ሊሠራው የሚችል ዘዴ አወጣ። ከሕመምተኛው ትንሽ ደም ይቀዳል። ሲረጋ ከላይ ያለው ፈሳሽ ዝርግ የብርጭቆ ሳህን ላይ ይፈስሳል። ጥቂት አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። አንድ ሁለት አጭር የተልባ እግር ክር ይነከርበታል። ሳህኑ ከአቧራ ተከልሎ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ዩሪክ አሲድ ከበዛ ክሩ ላይ ክሪስታል ይይዛል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካልበዛ ክሩ ባዶ ነው። በዚህ ዘዴ ሐኪሙ ሪህን ከሌላ የመገጣጠሚያ ሕመም ለየ፤ ሁለቱ ሲምታቱ ኖረው ነበር፣ ሕክምናቸውም ሲምታታ ኖሯል።

ዛሬ እግሩ አብጦ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው የዩሪክ አሲድ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ከፍ ካለ ሥጋና መጠጥ ቀንስ ይባላል። እዚያው የውጤት ወረቀት ላይ ዩሪያ፣ ክሪያቲኒን፣ ኮሌስትሮልና ግሉኮስ ተዘርዝረዋል። ኮሌስትሮልን ስም አውጥቶ የለየው ሼቭሯል ነው፤ መነሻው የሐሞት ጠጠር ነበር። ክሪያቲንን በ1832 ከሥጋ ያገኘውም እሱ ነው፤ ሊቢግ በ1847 ከክሪያቲን ክሪያቲኒንን ሠራ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሊያርሙ ከፈለጉ ከዚህ ወረቀት ይጀምሩ፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው ነገር መጀመሪያ ከየትኛው ሕመምተኛ ወይም ከየትኛው ሥጋ፣ በማን እጅ፣ በምን ዘዴ እንደወጣ ይጻፉ። እኔም ለተማሪዎቼ በደስታ አነብላቸዋለሁ።